ሰው ከተቀበረ በኋላ የቀረችው ናሙና የማን ናት? እንግሊዝ ከቅሌት በኋላ ያወጣችው ሕግና የፓቶሎጂስቶቹ ጣጣ

አንድ የ22 ዓመት ልጅ ማታ ደህና ተኝቶ ጠዋት ሳይነሳ ቀረ እንበል። የታወቀ በሽታ የለበትም፣ ሱስ የለበትም፣ የነካውም ሰው የለም። ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ምን ገደለው?" ብሎ ነው። ከሰልስት በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ግን ይከብዳል፦ "ታናሽ እህቱስ? እሷም ጋር ይኖር ይሆን?"

የዚህ ጥያቄ መልስ ብዙ ጊዜ ያለው በጣም ትንሽ ነገር ውስጥ ነው። ከልቡ የተቆረጠች የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ፣ ከጣፊያው ለዲኤንኤ ምርመራ የተወሰደች ሌላ ቁራጭ። እነዚህ ከተቀመጡ ዛሬ ያልተገኘው መልስ ከዓመታት በኋላም ሊገኝ ይችላል። ካልተቀመጡ መልሱም አብሮ ይቀበራል።

ታዲያ ማን ያስቀምጣት? በማን ፈቃድ? ለስንት ጊዜ? በዚህ ጉዳይ ጥብቅ ሕግ ካላቸው አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናት። ዛሬ የእሷን ታሪክ የምናነሳው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ለንደንና ሌሎች የእንግሊዝ ከተሞች ውስጥ ወንድም፣ እህት፣ የአክስት ልጅ ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ሁለተኛ፣ ይኸው ጥያቄ እዚሁ አገራችን፣ ሐረር አካባቢ፣ ልጃቸው የሞተባቸው ወላጆች ፊት እየቀረበ ነው።

መጀመሪያ ግን ነገሩን እናጥራው

የአስከሬን ምርመራ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሬሳ ከፍቶ ማየትን ነው። እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው። የተዘጋ የልብ ደም ስር ወይም የፈነዳ ትልቅ የደም ቧንቧ በዓይን ይታያል። የልብ ጡንቻ መቆጣት፣ አንዳንድ የሳንባ ኢንፌክሽኖች፣ በዘር የሚተላለፍ የልብ ጡንቻ በሽታ ግን በማይክሮስኮፕ ካልሆነ በእርግጠኝነት አይለዩም።

ስለዚህ ሐኪሙ ትንሽ ቁራጭ ይቆርጣል። ቁራጯ ፎርማሊን ውስጥ ትቆያለች፣ ከዚያ በሰም ተሞልታ ጠንካራ ትሆናለች። ይህቺ ሰም የያዘች ቁራጭ "ብሎክ" ትባላለች። ከብሎኳ ላይ ከፀጉር እጅግ የሚቀጥን ሽፋን ተልጦ መስታወት ላይ ይለጠፋል፤ እሱ "ስላይድ" ነው። ብሎክ አይበሰብስም። መደርደሪያ ላይ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል፣ በፈለጉት ጊዜ አውርደው እንደገና ያዩታል።

አንዳንዴ ደግሞ ቁራጭ አይበቃም። አንጎል ገና ሲወጣ ለስላሳ ስለሆነ በትክክል ለመመርመር ፎርማሊን ውስጥ ለሳምንታት ቆይቶ መጠንከር አለበት። ይህ ማለት ቀብሩ ካልዘገየ በቀር ሰውየው ሲቀበር አንጎሉ ላብራቶሪ ነው ማለት ነው።

ሙሉ አካል እና የጥፍር ታህል ብሎክ። ይህን ልዩነት ያዙልን፤ ጠቡ ሁሉ ያለው እዚህ ጋር ነው።

ሊቨርፑል፣ አንፊልድ ያልሆነው ታሪክ

ሊቨርፑል ሲባል ለእኛ ኳስ ነው። ለብዙ እንግሊዛውያን ወላጆች ግን ሌላ ስም አለ፦ አልደር ሄይ፣ የሕጻናት ሆስፒታል።

እ.ኤ.አ. በ1999 ብሪስቶል ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል በልብ ቀዶ ሕክምና ስለሞቱ ሕጻናት የሚያጣራ ጉባኤ ተቀምጦ ነበር። እዚያ ምስክርነት የሰጡ አንድ ፕሮፌሰር የሕጻናት ልቦች በተለያዩ ሆስፒታሎች ለትምህርትና ለምርምር ተቀምጠው እንደሚገኙ ተናገሩ፤ አልደር ሄይንም ጠቀሱ። ለሐኪሞቹ ይህ የታወቀ አሠራር ነበር። ለወላጆቹ ግን መብረቅ ነበር።

ተጣራ። በጥር 2001 የወጣው የሬድፈርን ሪፖርት ያገኘውን ስታነቡት ዛሬም ይዘገንናል። ከ1988 እስከ 1995 በሆስፒታሉ የሠራው ፓቶሎጂስት ዲክ ቫን ቬልዘን ከሚመረምራቸው ሕጻናት አካላትን በጅምላ እያስቀረ ያከማች ነበር። ከ850 አካባቢ ሕጻናት የተወሰዱ አካላት ከ2,000 በላይ ዕቃዎች ውስጥ ተገኙ። የሚገርመው፣ አብዛኛው አልተነካም። ምርምር አልተሠራበትም፣ ማንም አልተማረበትም። ዝም ብሎ ተቀምጧል።

በዚያው ጊዜ መንግሥት በመላ እንግሊዝ ባደረገው ቆጠራ ከ1970 እስከ 1999 ከተደረጉ የአስከሬን ምርመራዎች የቀሩ ከ54,000 በላይ አካላት፣ የአካል ክፍሎችና ሞተው የተወለዱ ሕጻናት በሆስፒታሎችና በዩኒቨርሲቲዎች እጅ እንዳሉ ታወቀ። ማለትም አልደር ሄይ ከሁሉ የከፋው እንጂ ብቸኛው አልነበረም።

ልጃቸውን ቀብረው እርማቸውን ያወጡ ወላጆች ስልክ ተደወለላቸው። "ልቡ እኛ ጋር ነው።" ሁለተኛ ቀብር አደረጉ። ከወራት በኋላ ሌላ ስልክ። ሦስተኛ ቀብር። የልጅን ቀብር ደግሞ ደጋግሞ መቅበር ምን ማለት እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አይጠበቅብንም።

ቫን ቬልዘን በ2005 ከእንግሊዝ የሐኪሞች መዝገብ ተሰረዘ።

አንዲት ቃል ያመጣችው ጣጣ

ብዙዎቹ ወላጆች ወረቀት ፈርመው ነበር። ወረቀቱ "ቲሹ" ይላል። ወላጅ ቲሹ ሲባል የመሰለው ቅንጣት ነገር ነው። ሐኪሙ ዘንድ ግን ቃሉ ሙሉ ልብንም ይጨምር ነበር።

አማርኛችንም ከዚህ አያመልጥም። እኛ "ናሙና" እንላለን። ናሙና ገበያ ላይ ነጋዴው ጤፉን ከጆንያው ቆንጠር አድርጎ መዳፉ ላይ የሚያሳየው ነው። ሐኪም ሐዘን ላይ ላለ አባት "ናሙና ወስደናል" ቢለው፣ አባትየው የሚታየው ያቺ ቁንጥር ናት። አንጎል ሊሆን ይችላል ብሎ እንዴት ይጠርጥር?

በወቅቱ የነበረው የ1961 ሕግም ለዚህ በር ከፍቷል። ሕጉ የሚጠይቀው ቤተሰብ "እሺ" ማለቱን ሳይሆን፣ ተገቢ ማጣራት ተደርጎ "እምቢ" የሚል አለመገኘቱን ነበር። ዝምታ እንደ ፈቃድ ተቆጠረ።

አዲሱ ሕግ

ከቅሌቱ በኋላ የሰው ቲሹ ሕግ የሚባለው በ2004 ጸደቀ፤ በመስከረም 2006 ሥራ ላይ ዋለ። እንግሊዝን፣ ዌልስንና ሰሜን አየርላንድን ይመለከታል። ዋናው ቃል "ፈቃድ" ነው። ከሞተ ሰው የተወሰደ ሕዋስ ያለበትን ማንኛውንም ነገር ለምርምር ወይም ለትምህርት ለማስቀመጥ ሟቹ በሕይወት ሳለ፣ ካልሆነም ቤተሰቡ በግልጽ "እሺ" ማለት አለበት። ያለ ፈቃድ ያደረገ እስከ ሦስት ዓመት ሊታሰር ይችላል። ይህን የሚቆጣጠር የሰው ቲሹ ባለሥልጣን የሚባል መሥሪያ ቤትም ተቋቋመ።

ድንገተኛ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ሞት ሲሆን ነገሩ ይለያል። እዚያ ጉዳዩን የሚይዘው ኮሮነር የሚባል የፍርድ ሹም ነው። ኮሮነሩ ምርመራ ካዘዘ የቤተሰብ ፈቃድ አይጠየቅም። ፓቶሎጂስቱ ግን የሞቱን ምክንያት ወይም ማንነትን ለማወቅ የሚያስፈልገውን ብቻ ያስቀራል፤ ምን እንዳስቀረ ለኮሮነሩ ያሳውቃል፤ ኮሮነሩ ደግሞ ለቤተሰብ ይነግራል። ቤተሰብም ይመርጣል፦ ይመለስልን፣ እናንተው በክብር አስወግዱት፣ ወይም ለምርምርና ለትምህርት ይቀመጥ።

የኮሮነሩ ሥራ ሲያልቅ ቤተሰብ ካልፈቀደ ብሎኳ አትቀመጥም። ደብዳቤው ሳይመለስ ከቀረም ያው ነው። ዝምታ ወርቅ ነው እንላለን፤ በዚህ ሕግ ግን ዝምታ "አይ" ነው። ከ1961ዱ ጋር ስታወዳድሩት ነገሩ ሙሉ በሙሉ ተገልብጧል።

ላብራቶሪው ውስጥ ምን ተለወጠ?

መልካሙን እናስቀድም። ዛሬ እያንዳንዷ ብሎክ መዝገብ አላት፤ ከየት መጣች፣ የት አለች፣ መቼ ተወገደች የሚለው መታወቅ አለበት። ክፍሉ ራሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ በስም የሚጠየቅ ኃላፊም አለው። መደርደሪያ ላይ የተረሳ ዕቃ የማግኘት ዕድል በጣም ቀንሷል። ቁጥጥሩ አያስፈልግም የሚል ካለ ደግሞ የ2012ቱን ዜና እናስታውሰው፦ ፖሊስ ራሱ ባደረገው ማጣራት በእጁ ወይም በስሙ የተቀመጡ ወደ 500 የሚጠጉ የአካል ክፍሎችና ናሙናዎች ተገኝተዋል።

አሁን ወደ ጣጣው። ራሳችሁን ፓቶሎጂስቷ ቦታ አስቀምጡ። ዛሬ ብዙ ሬሳ ይጠብቃታል። የአንዱን ልብ ስታይ ደም ስሩ ጠቧል። ይህ በቂ የሞት ምክንያት ይመስላል። "እርግጠኛ ለመሆን ትንሽ ቁራጭ ልውሰድ?" ብትል፣ ከዚያች ቁራጭ ጋር ቅጽ ይመጣል፣ ማሳወቂያ ይመጣል፣ ሐዘን ላይ ላለ ቤተሰብ ስልክ መደወል ይመጣል። ካልወሰደች ምንም የለም። ሪፖርቱ ይጻፋል፣ ቀብሩ ይፈጸማል፣ ማንም አይጠይቃትም።

ፓቶሎጂስቶቹ ሕጉ ከወጣ ጀምሮ የሚያነሱት ቅሬታ ይኼው ነው። ሕጉ "አትውሰዱ" አላለም። ግን አለመውሰድን ቀላሉ መንገድ አደረገው።

አንድ የማይገጥም ነገርም አለ። በሕይወት ያለች ሴት ከጡቷ እብጠት ናሙና ቢወሰድላት፣ ብሎኳ በዚያው ሆስፒታል መዝገብ ቤት ለአሥርት ዓመታት ትቀመጣለች። ለሕክምና የተወሰደች ስለሆነች ለማስቀመጥ ብቻ ሌላ ፈቃድ አይጠየቅም። የሞተው ወንድሟ ብሎክ ግን፣ ያው መጠን፣ ያው ሰም፣ ፈቃድ ከሌለ ትወገዳለች። ከአምስት ዓመት በኋላ አዲስ የዘር ምርመራ ቢመጣና ሐኪሟ "የወንድምሽን ናሙና ብናይ ጥሩ ነበር" ቢላት የሚታይ ነገር የለም።

ሁሉንም በሕጉ ላይ አንጫን

እዚህ ጋር ጥንቃቄ ያስፈልጋል። "ሕጉ ፓቶሎጂን ገደለ" የሚሉ አሉ። እኛ እንደዚያ አንልም።

በ2006 የወጣ ብሔራዊ ግምገማ ከአራት የኮሮነር አስከሬን ምርመራ ሪፖርቶች አንዱን ደካማ ወይም ተቀባይነት የሌለው ብሎታል። የተገመገሙት ሪፖርቶች ግን የተጻፉት ሕጉ ሥራ ላይ ሳይውል በፊት ነው። ችግሩ ቀድሞም ነበረ ማለት ነው። ገንዘብም አለ፦ ለአንድ መደበኛ የኮሮነር ምርመራ ለፓቶሎጂስቱ ሲከፈል የኖረው 96 ፓውንድ ከ80 ፔንስ ነው። በዚህ ዋጋ ጥልቅ ምርመራ መጠበቅ ይከብዳል።

ሆስፒታሎች በቤተሰብ ፈቃድ የሚያደርጉት የአስከሬን ምርመራም ከቅሌቱ በፊት ጀምሮ ሲያሽቆለቁል ቆይቷል። ስካን ተሻሻለ፣ ሐኪሞች መጠየቅ ተዉ። በ2013 በመላ ዩናይትድ ኪንግደም ሆስፒታል ውስጥ ከሞቱት ሰዎች እንዲህ ያለ ምርመራ የተደረገላቸው ከመቶ አንድ እንኳን አይሞሉም ነበር። ቅሌቱና ሕጉ በቁልቁለቱ ላይ ገፉት ቢባል ያስኬዳል፤ ቁልቁለቱን ግን እነሱ አልቆፈሩትም።

ከሁሉ የተጎዳው የሕጻናት ፓቶሎጂ ነው። ባለሙያዎቹ ከቅሌቱ በኋላ በሕዝብ ዓይን ተጠርጣሪ ሆኑ፤ ወጣት ሐኪሞችም ወደ ዘርፉ መግባት ሸሹ። ውጤቱን በአንድ ምሳሌ እንይ፦ በ2019 ሰሜን አየርላንድ የሕጻናት ፓቶሎጂስት አጣች። ከዚያ በኋላ ልጃቸው የሞተባቸው ወላጆች ምርመራ ከፈለጉ አስከሬኑ ባሕር ተሻግሮ እንዲላክ ተደረገ። ወዴት መሰላችሁ? ሊቨርፑል። አልደር ሄይ።

ስኮትላንድ ሌላ መንገድ ሄደች

ጎረቤቷ ስኮትላንድ ያንኑ ቅሌት አይታ፣ በዚያው በ2006 የራሷን ሕግ ሥራ ላይ አዋለች። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? ያቺ መጀመሪያ ላይ "ያዙልን" ያልናችሁ ነገር ናት።

በስኮትላንድ ሙሉ አካል ያለ ግልጽ ስምምነት አይቀመጥም። ብሎክና ስላይድ ግን የሟቹ የሕክምና መዝገብ አካል ይሆናሉ፤ እንደ ካርዱ፣ እንደ ራጁ። የአቃቤ ሕጉ ምርመራ ሲያልቅ ይወገዱ አይባልም፣ ይቀመጣሉ። ለቤተሰብ ጥቅም፣ ምርመራውን ደግሞ ለማየት ይውላሉ። ለምርምር ግን የቤተሰብ ስምምነት ይጠየቃል።

ሁለቱ አገሮች የሚጎራበቱ፣ የአንድ ንጉሥ አገሮች ናቸው። ድንበሩን ስትሻገር የልጁ ብሎክ ዕጣ ይለወጣል።

ማስቀመጥ ለምን ይጠቅማል? የኅዳር በሽታን ጠይቁ

ኅዳር 12 ቆሻሻ ተሰብስቦ ሲቃጠል፣ ሰፈሩ በጭስ ሲሞላ የምናስታውሰው በ1918 ዓለምን የመታውን ኢንፍሉዌንዛ ነው። አያቶቻችን የኅዳር በሽታ አሉት። በጊዜው ቫይረስ መሆኑን ያወቀ ሰው አልነበረም።

በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ አንድ ወታደር በዚህ በሽታ ሞተ። ሐኪሙ ከሳንባው ትንሽ ቁራጭ ወስዶ በሰም አስቀመጣት። 79 ዓመት መደርደሪያ ላይ ቆየች። በ1997 ጄፍሪ ታውበንበርገርና ባልደረቦቹ ከዚያች ቁራጭ የቫይረሱን የዘር ቁርጥራጮች አነበቡ። ብሎኳን ያስቀመጠው ሐኪም ዲኤንኤ የሚባለው ነገር ቅርጹ ምን እንደሚመስል እንኳ አያውቅም ነበር። የናሙና ጥቅሙ ይህ ነው፤ ገና ያልተጠየቀ ጥያቄ መልስ ትይዛለች።

ያኔ ቤተሰቡን የጠየቀ ነበር ብለን አናስብም። ወደዚያ ዘመን እንመለስ ማለታችንም አይደለም። ጥቅሙ ትልቅ ስለሆነ ነው በደንብ መጠየቅ ያለበት።

ሐረር ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ

አሁን ወደ ቤት እንምጣ። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከውጭ አጋሮች ጋር ሆኖ በሐረርና በቀርሳ ቻምፕስ የሚባል ፕሮግራም ውስጥ ይሠራል። ኬንያ፣ ማሊ፣ ሞዛምቢክ፣ ባንግላዴሽና ሌሎችም ያሉበት ነው። ዓላማው ከአምስት ዓመት በታች የሚሞቱ ሕጻናትና ሞተው የሚወለዱት በትክክል በምን እንደሚሞቱ ማወቅ ነው።

ዘዴው ሬሳ መክፈት አይደለም። በመርፌ ከሳንባ፣ ከጉበት፣ ከአንጎል ቅንጣት ታህል ቲሹ ይወሰዳል፣ ደምና ሌላ ፈሳሽም ይጨመራል። ወላጅ ካልፈቀደ መርፌ አይገባም። ሥራው ደግሞ ሕጻኑ በሞተ በሰዓታት ውስጥ መሠራት አለበት። እናትየው ገና እያለቀሰች፣ ሙስሊም ቤተሰብ ከሆነ ቀብሩ ለዛሬ እየተቻኮለ፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መጠየቅና ማስረዳት አለበት። ከቁራጮቹ ከፊሎቹ ለምርመራ አሜሪካ፣ አትላንታ ድረስ ተልከዋል። ይህም በግልጽ መነገር ያለበት ነው።

አልደር ሄይ ለሐረር የሚያስተምረው እዚህ ጋር ነው። እንግሊዞቹ እምነት ያጡት ቁራጭ በመውሰዳቸው አይደለም። ሳይናገሩ በመውሰዳቸው ነው። እምነት አንዴ ከጠፋ ሃያ ዓመት ሕግ ብትጽፍም ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ባለሙያ ይሸሻል፣ ናሙና ይጠፋል፣ መጨረሻ ላይ የሚጎዳው መልስ የሚፈልገው ቤተሰብ ነው።

የእኛ ዕይታ

ሙሉ አካል ያለ ግልጽ "እሺ" ፈጽሞ መቅረት የለበትም። በዚህ ላይ ድርድር የለም። የጥፍር ታህል ብሎክ ግን፣ ለቤተሰብ ተነግሮ፣ እንደ ስኮትላንድ የሕክምና መዝገብ ሆና ብትቀመጥ የሚጠቀመው በሕይወት ያለው ነው። ለምርምር ሲሆን ፈቃድ ይጠየቅ። ልብና ብሎክን በአንድ ሚዛን የሚመዝን ሕግ ሟቹን ያከብራል፣ እህቱን ግን ይረሳል።

እንግሊዝ ውስጥ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ይህን ያዙ። እግዚአብሔር አያድርገውና ድንገተኛ ሞት ቢያጋጥምና ከኮሮነር ቢሮ ደብዳቤ ቢመጣ፣ በሐዘን ብዛት መሳቢያ ውስጥ አትጣሉት። እነዚህን ጠይቁ፦

ምንድን ነው ያስቀራችሁት? ሙሉ አካል ነው ወይስ ቁራጭ?

እስኪመለስ ቀብሩን ወይም አስከሬኑን ወደ አገር ቤት መላክን ብናዘገይ ይሻላል? ስንት ቀን?

በሽታው በዘር የሚተላለፍ ሊሆን ይችላል? ለዲኤንኤ የሚሆን ናሙና ተቀምጧል?

ሥራችሁ ሲያልቅ ቁራጯ ምን ትሆናለች? እንድትቀመጥ ብንፈቅድ ማን ያያታል?

ከቤተሰብ አንድ እንግሊዝኛ የሚችል፣ ረጋ ያለ ሰው ይህን ኃላፊነት ይያዝ። እድሩ ድንኳን የሚተክለውን፣ ወጥ የሚያወጣውን እንደሚመድበው ሁሉ፣ ደብዳቤ የሚመልስ ሰውም ይመደብ።

እናንተስ? የእናንተ ቤተሰብ ላይ ቢደርስ "ትቀመጥ" ትላላችሁ ወይስ "አብራ ትቀበር"? ምክንያታችሁን ጻፉልን፤ እናነባለን።